ጓንቱን አውልቅ፣ ሪሞቱን አልብስ

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ሰመሩን ሙሉ በሪሞት የምትታዘዘውን ትንሿን የፎም አውሮፕላኔን ሳበር ቆየሁ። ብርዱ ከገባ ወዲህ ግን አልቻልኩም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አውራ ጣቶቼን ቆፈን ይይዛቸዋል። ወፍራም ጓንት ሳደርግ ስቲኩ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋው የሪሞቱ መንጃ ዘንግ፣ አይሰማኝም፣ ቀጭን ሳደርግ ብርዱ ይገባል። ባለፈው ቅዳሜ ላሳርፋት ስል ስቲኩን የሳብኩ መስሎኝ አልሳብኩም፤ በአፍንጫዋ በረዶው ላይ ተተከለች። በባትሪ የሚሞቅ ጓንት ልግዛ ወይስ እስከ ኤፕሪል ልተወው?»

ወንድሜ፣ አትተወው። ጓንቱን ግን ለጊዜው ተወው። እኔ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ሪሞትና ሞተር ስፈታ ስገጥም ነው የምውለው። እዚሁ ሚኒሶታ በብርድ ማብረር ስጀምር ገንዘቤን የጨረስኩት ጓንት ስቀያይር ነው። የአሳ አጥማጅ፣ የብስክሌት፣ ጣቱ የተቆረጠ፣ ሁሉም መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ባለቤቴ «የጓንት ሱቅ ክፈት» ትለኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቲኩ መሃል ላይ ይሁን ትንሽ ይዘንበል ጣትህ የሚያውቀው በቆዳው ነው። ስፕሪንጉ መልሶ ሲገፋህ ያ ቀላል ግፊት ይሰማሃል። ዓይንህ አውሮፕላኗ ላይ ስለሆነ ሌላ መረጃ የለህም። ቆፈን ያንን ስሜት ይወስድብሃል። ወፍራም ጓንትም ያንኑ ይወስድብሃል። በባትሪ የሚሞቀውም ቢሆን ያው ጓንት ነው፤ ሽቦውና ስፖንጁ ሲጨመር እንዲያውም ይወፍራል። በበረራና በበረራ መሃል እጅ ማሞቂያ ይሆናል እንጂ ስቲክ መያዣ አይሆንም።

ስለዚህ እጅህን ሳይሆን ሪሞቱን አልብሰው። የሆቢ ሱቆች ትራንስሚተር ሚት እያሉ የሚሸጡት ከረጢት አለ። ከላይ ስክሪኑና ስቲኩ የሚታይበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ አለው፣ ዙሪያው ፍሊስ የሚሉት ለስላሳ የብርድ ጨርቅ ነው። በግራና በቀኝ እጅህን የምታስገባበት እጅጌ አለው፤ አንጓህ ላይ በላስቲክ ይጠብቃል። ሪሞቱ ካንገትህ ይንጠለጠላል፣ ባዶ እጅህ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ትልቁ ጥቅሙ ነፋስ መከልከሉ ነው። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢልና ነፋሱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ለተጋለጠ ቆዳ ከዜሮ በታች 15 ያህል ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያ ነፋስ የለም።

ሳትገዛም ይቻላል። የመጀመሪያውን እኔ የሰፋሁት ካሮጌ ጃኬት ነው። የጃኬቱ እጅጌ ጫፉ ላይ ላስቲክ ስላለው ከክርኑ በታች ቆርጠህ ብትሰፋው ይበቃል። ለመስኮቱ ጥርት ያለ የጠረጴዛ ፕላስቲክ ግዛ። ቀጭኑን ምረጥ፤ ወፍራሙ በብርድ ደርቆ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። እጅህ ሲያልበው መስኮቱ በጉም ይሸፈናል። ከመውጣትህ በፊት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አንድ ጠብታ ከውስጥ ቀባውና በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ ወልውለው። ሥራውን ይሠራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሙቀት ይመልስልኛል ብለህ የሚያብረቀርቅ ፎይል ወይም አሉሚኒየም የተለጠፈበት ስፖንጅ ውስጡን እንዳትለብጠው። የዛሬ ሪሞቶች አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠሩት። ደረቅ ጨርቅ፣ ፍሊስና ፕላስቲክ ለዚህ ሞገድ እንደሌሉ ናቸው። ስስ የብረት ሽፋን ግን ይዘጋዋል። አንድ ደንበኛ «ሪሲቨሩ (አውሮፕላኗ ላይ ያለው የሞገድ መቀበያ) ሞተ፣ ትንሽ ስትርቅ ትጠፋብኛለች» ብሎ አመጣልኝ። ሁለት ቀን ፈተሽኩት፣ ምንም የለውም። በመጨረሻ «እስቲ ከረጢቱን አምጣው» አልኩት። ውስጡ እንደ ምግብ መጠቅለያ ያብለጨልጫል! ፎይሉን ላጥነው፣ ችግሩ አለቀ። አንተም ከረጢቱን ባጠለቅክ ቁጥር ሪሞቱን የርቀት መፈተሻው (ሞገዱን አዳክሞ የሚልክበት ምርጫ) ላይ አድርገህ 30 እርምጃ ያህል ራቅና ክንፉና ጭራው መታዘዛቸውን እይ። ስትፈትሽ እጅህም ውስጥ ይሁን፤ የሰው አካል ራሱ ሞገዱን ይውጣል።

ቀጥሎ ስቲኩን እይልኝ። የብዙ ሪሞቶች ስቲክ ጫፍ አሉሚኒየም ነው። ብረት የጣትህን ሙቀት ይመጥብሃል። ጫፉን ፈትተህ አውጣውና ሽሪንክ ቲዩብ የሚባለውን የፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው፤ በሙቅ አየር ሲኮማተር ይጣበቅበታል። እዚያው ሪሞቱ ላይ እንዳለ ግን እንዳታሞቀው፣ የውስጡን ፕላስቲክ ታቀልጠዋለህ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ልዩነቱን በመጀመሪያው በረራ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ ራስህ እንምጣ። ምን እንደምትለብስ አልጻፍክልኝም፤ ግን ገምቼዋለሁ። ከመኪና ወርዶ ትንሽ ለማብረር ተብሎ ስስ ጃኬትና ስኒከር፣ አይደል? ሰውነት ሲበርደው መጀመሪያ የሚጠብቀው ልብና ሳንባን ነው። ወደ ጣት የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል። ደም ካልመጣ ደግሞ ጓንት ምን ያሞቃል? ጓንት የመጣውን ሙቀት ይይዛል እንጂ አይፈጥርም። እንደ ፔርሙስ ቁጠረው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብትሞላበት ሻይ አይሆንም።

ስለዚህ ሰውነትህ ላይ ሱፍ ወይም የስፖርት ውስጥ ልብስ፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ልበስ። ኮፍያና የአንገት ልብስ አትርሳ። አንጓህን ደግሞ በደንብ ሸፍነው፤ እዚያ የደም ሥሩ ለቆዳው ቅርብ ነው። አሮጌ የሱፍ ካልሲ ጫፉን ቆርጠህ አንጓህ ላይ ብታጠልቀው ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይሻላል። አንዱ ወዳጃችን ጋቢ ደርቦ መጥቶ ነበር። ሙቀቱን አልክድም፤ ነገር ግን ጫፉ ወደ ፕሮፔለር ሲጠጋ እኔ ነኝ የጮህኩት። እግርህስ? በረዶ ላይ ዝም ብለህ ቆመህ ነው የምታበረው። የዮጋ ምንጣፍ ቁራጭ ከእግርህ ሥር አንጥፍ።

ቆፈኑ ከጀመረህ አውሮፕላኗን አሳርፍና ክንድህን ከትከሻህ ጀምረህ እንደ ወንጭፍ አሽከርክረው። ደሙ ወደ ጣት ጫፍ ይገፋል። ወይ እጅህን ብብትህ ሥር ክተት። ሲመለስ ያቃጥላል፣ አትደንግጥ። የጣትህ ቆዳ ነጥቶ ሰም ከመሰለና ምንም ካልተሰማህ ግን ጨዋታው አብቅቷል። ወደ ቤት ግባ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ንከረው። አታሸው፣ እሳት አታስጠጋው። ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ጋ ሂድ። ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ደግሞ ኒኮቲን ራሱ የደም ሥር ያጠብባል፤ ከበረራ በፊት ይቅርብህ።

የእጅ ማሞቂያ ከረጢቶችን በተመለከተ፣ ያቺ ስትከፈት የምትሞቀው ውስጧ የብረት ዱቄት ነው። አየር ሲያገኘው ይዝጋል፣ ሲዝግ ይሞቃል። ኪስህ ውስጥ አፍነህ «አልሞቀችም» ካልክ አየር ስላላገኘች ነው። ከመውጣትህ 15 ደቂቃ ቀድመህ ክፈታት፤ ከዚያ ከሪሞቱ ከረጢት ታችኛው ጥግ ላይ በጨርቅ ኪስ ውስጥ አድርጋት። ከበረራ በኋላ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ብታሽጋት ትቆማለች፣ በነጋታው ትሠራለች። ከተቀደደች ቶሎ ጣላት። ማግኔት ያለባቸው ስቲኮች አሉ፤ ያንን ዱቄት ሰብስበው ይይዙታል፣ ማጽዳቱ ደግሞ የኔ ራስ ምታት ነው። በላይተር ጋዝ የሚሠራውን ማሞቂያ ግን ዝግ ከረጢት ውስጥ አታስገባ። አየሩን ይጨርሳል፣ ጭሱም እዚያው ይቀራል። ባትሪ አጠገብም አይሁን።

ባትሪ ካነሳሁ፣ ሊፖም (የአውሮፕላኗ ሊቲየም ባትሪ) እንዳንተ ይቆፍነዋል። ሲቀዘቅዝ የውስጥ መከላከሉ ይጨምራል፣ ጋዝ ስትሰጠው ቮልቴጁ ይወርዳል። እስክትገጥመው ድረስ ጃኬትህ ውስጥ ያዘው፤ የሶኬቱን አፍ ሸፍነህ፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ለይተህ። ሰዓት ቆጣሪህን ከ8 ደቂቃ ወደ 6 አውርደው፣ ድምፅ እንዲሰጥም አድርገው፤ ስክሪኑ በብርድ ይንቀራፈፋል። ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ሊፖ ደግሞ በፍጹም ቻርጅ አታድርግ። ሊቲየሙ ውስጡ ላይ ይለበጣል፣ ባትሪው ተመልሶ አይድንም። ክፍል ውስጥ ሙቀቱ እስኪመለስ ጠብቅ።

ከረጢቱን ይዘህ ሜዳ ከመሄድህ በፊት አንድ ምሽት ፕሮፔለሩን አውልቀህ ሳሎን ውስጥ ተለማመድ። እጅህ ውስጥ እያለ የሞተር ማጥፊያውን ስዊች ሳታይ ማግኘት አለብህ። ካላገኘኸው በቀላሉ ወደምትደርስበት ቀይረው። ቆፈን የያዘው እጅ ፕሮፔለር ሲቆርጠው ዘግይቶ ነው የሚያውቀው።

እኔ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ድረስ፣ ነፋስ ከሌለ፣ አበራለሁ። ከዜሮ በታች 18 ሆኖ ነፋሱ 24 ኪሎ ሜትር ከደረሰ የተጋለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውርጭ ሊመታው ይችላል፤ ያን ቀን ቤቴ ተቀምጬ ክንፍ እለጥፋለሁ። ሐይቅ ላይ ማብረር ካማረህም ጥርት ያለው በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መወፈሩን ሳታረጋግጥ አትርገጥ። ስትመለስ ሪሞቱን ከነከረጢቱ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገህ ክፍሉን እስኪለምድ ተወው፤ ያለዚያ ጤዛ ውስጡ ይገባል፣ ከዚያ ወደኔ ትመጣለህ። የተሰበረችው አፍንጫ ለፎም በሚሆን ሙጫ ትያዛለች፤ ተራው ሱፐር ግሉ አንዳንዱን ፎም ስለሚበላው መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረው።