ከቀደሙት የሂፕሆፕ ቡድኖች ስታይሉ የሰፋው የማን ነው? ጥያቄና መልስ

ከራን ዲኤምሲ እስከ አውትካስት ስላሉት ቡድኖች የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፤ ስፋት ማለት ስንት ዓይነት ሙዚቃ ነካኩ ማለት ብቻ አይደለም። ቢቱ (ከራፑ ሥር ያለው ሙዚቃ)፣ የራፐሮቹ አወራረድ (ቃሉን በቢቱ ላይ የሚያስኬዱበት መንገድ) እና ከአልበም አልበም የመጣው ለውጥ ለየብቻ ይመዘናሉ። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ሦስቱ ስለሚደባለቁ ነው።

ጥያቄ፦ ሳታዞር ንገረን፣ አንደኛው ማን ነው?

መልስ፦ አውትካስት፣ የአንድሬ 3000 እና የቢግ ቦይ ሁለት ሰው ቡድን። የ1994ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው በሙዚቀኞች እጅ የተመታ ቤዝና ጊታር ያለበት የአትላንታ ፈንክ ነው። በ1996 «ኤቲኤሊየንስ» ላይ ያ ሙቀት ቀዘቀዘ፤ ቢቱ ሳሳ፣ ማሚቶ በዛበት። በ1998 «ሮዛ ፓርክስ» መሀል ላይ ሃርሞኒካ ገባ። በ2000 ደግሞ «ቢ.ኦ.ቢ.» በደቂቃ 155 ምት ገደማ እየሮጠ ኤሌክትሪክ ጊታርና የመዘምራን ድምፅ ተሸክሞ መጣ። በ2003ቱ ድርብ አልበም አንድሬ 3000 ግማሹን በአብዛኛው ዘፈነው፤ አልበሙም በ2004 የዓመቱ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ። በሦስቱም ሚዛን የተለወጠ ሌላ ቡድን አላገኝም።

ጥያቄ፦ አልስማማም። ዉ-ታንግ ክላን ዘጠኝ ሰው ነው። ዘጠኝ ድምፅ ከሁለት ያንሳል?

መልስ፦ በአወራረድ ካየኸው ልክ ነህ። የ1993ቱን አልበም ስማ፤ ሜተድ ማን በሻካራ ድምፁ ዜማ ያስገባል፣ ጂዛ ቃሉን መዝኖ ያስቀምጣል፣ ኦል ደርቲ ባስተርድ በዘፈንና በጩኸት መሀል ይወዛወዛል። ቢቱ ግን ከአንድ ሰው እጅ፣ ከቡድኑ አባል ከሪዛ፣ የወጣ ነው፤ አቧራ የጠጣ የድሮ ሶል፣ ቀጭን ፒያኖ፣ ከኩንግ ፉ ፊልም የተቆረጠ ንግግር። ዘጠኝ የተለያየ ሰው ሳይበታተን የቆመውም ቢቱ ስላልተለዋወጠ ነው። በ1994 እና 1995 የወጡት የግል አልበሞች ከተቆጠሩ ነገሩ ይለወጣል፤ ሪዛ ለሌላው አባል ለሬክዎን የሠራው እንደ ወንጀል ፊልም ይተርካል፣ ለጂዛ የሠራው ደግሞ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የግል አልበም ይቆጠር አይቆጠር የሚለውን ሳትስማሙ ክርክር አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ ራን ዲኤምሲ ሁሉም ዘፈናቸው አንድ ዓይነት አይደለም?

መልስ፦ ጠባብ ናቸው፣ አዎ። ግን ከእነሱ በፊት የነበረው የራፕ ሸክላ በብዛት የዲስኮ ባንድ አጅቦት የሚሠራ ነበር። በ1983 «ሳከር ኤምሲስ» ላይ ኦበርሃይም ዲኤምኤክስ የተባለ የከበሮ ማሽንና ስክራች (ሸክላን በእጅ ወደፊት ወደኋላ እየፋቁ የሚወጣ ድምፅ) ብቻ ቀረ፤ ቤዝ የለም፣ ዜማ የለም። ያ መቀነስ ራሱ ፈጠራ ነው። በ1984 የሮክ ጊታር ጨመሩበት፣ በ1986 ከሮክ ባንዱ ከኤሮስሚዝ ጋር ሠሩ።

ጥያቄ፦ ቡድኖችን በጆሮ ለማወዳደር ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከእያንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያ ሦስት አልበሞች አራት አራት ዘፈን ምረጥ፤ ነጠላ ሆነው የወጡትን ተው፣ እነሱ ለሬዲዮ የተመረጡ ስለሆኑ ቡድኑን ከሆነው በላይ ለስላሳ ያስመስሉታል። ፍጥነቱን ለማወቅ በ15 ሰከንድ ውስጥ የሚሰማውን የስኔር (ጠንከር ብሎ የሚጮኸው ቀጭን ከበሮ) ምት ቆጥረህ በ8 አባዛ። 11 ወይም 12 ካገኘህ ከ88 እስከ 96 መሀል ነህ፣ የዘመኑ የኒውዮርክ ራፕ በብዛት እዚያ አካባቢ ነው። 180 ካገኘህ በስኔሮቹ መሀል ያለውን የእግር ከበሮም ቆጥረሃል። ቀጥሎ ቤት የሚመታው የት ላይ እንደሆነ አድምጥ፤ ራን ዲኤምሲ ስንኝ መጨረሻ ላይ ይመታሉ፣ ከ1987ቱ የኤሪክ ቢ እና ራኪም አልበም በኋላ ግን ስንኙ መሀል ለመሀል መምታት ተስፋፋ።

ጥያቄ፦ የዚያን ጊዜውን አቧራማ ድምፅ በኮምፒውተር ስሞክር ለምን አይመጣልኝም?

መልስ፦ ብዙዎቹ ይሠሩ የነበሩት በ1987 በወጣው ኤስፒ-1200 ነው፤ ሳምፕል፣ ማለትም ከሸክላ የተቆረጠ ድምፅ፣ የሚቀዳና የሚያጫውት ማሽን ነው። በ12 ቢት፣ በ26 ኪሎኸርትዝ ገደማ ይቀዳል፤ የሚይዘው በጠቅላላው 10 ሰከንድ ያህል ነው። ቦታ ለመቆጠብ በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በ45 ፍጥነት እያዞሩ ቀድተው ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል፤ 10ሩ ሰከንድ በዚህ መንገድ 13 ተኩል ይሆናል። ሻካራነቱ የሚፈጠረው በማዘግየቱ ላይ ነው። አንተ ምናልባት ንጹሕ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚዞር ቁራጭ) ሠርተህ የ12 ቢት ኢፌክት መጨረሻ ላይ ትጭናለህ፤ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ሳምፕሉን 35 በመቶ አፍጥን፣ ፒቹም (የድምፁ ቅጥነት) አብሮ ይውጣ፤ ከዚያ በ12 ቢትና በ26 ኪሎኸርትዝ ቅዳው፤ ከዚያ በአምስት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ገደማ አውርደው። ታይም ስትሬች (ፒቹን ሳይነካ ፍጥነት የሚለውጠው) ጠፍቶ ይሁን፣ ከበራ የምትፈልገው ጭረት ይለሰልሳል።

ጥያቄ፦ ዴ ላ ሶልስ?

መልስ፦ በሳምፕል ምንጭ ከማንም ይሰፋሉ። በ1989ቱ አልበማቸው ፕሮዲውሰሩ ፕሪንስ ፖል ፈንክ፣ ካንትሪ፣ የፈረንሳይኛ መማሪያ ሸክላ ሳይቀር አንድ ላይ ሰፍቷል። ያ ስፋት ዋጋ አስከፈላቸው፤ ሙዚቃቸው ሳምፕል የተደረገባቸው የተርትልስ ባንድ አባላት ከሰሷቸው፣ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። በ1991 መጨረሻ ደግሞ በራፐሩ በቢዝ ማርኪ ላይ ባልተፈቀደ ሳምፕል በተሰጠው ፍርድ ምክንያት እንዲህ ያለው ሥራ አደገኛ ሆነ፣ በአንድ ዘፈን አሥር ሸክላ መደራረብም ለአብዛኛው ሰው የማይቻል ሆነ። የዴ ላ ሶል የመጀመሪያዎቹ አልበሞች ስትሪሚንግ ላይ የወጡት በ2023 ነው። ይህን ያህል ዘመን አዲስ አድማጭ ሳያገኛቸው መቅረቱ ያሳዝናል፣ በክርክሩም ስማቸው የሚረሳው በዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የኛ ሙዚቃስ ሂፕሆፕ ውስጥ ገብቷል?

መልስ፦ ዘግይቶ ገብቷል። በ2009 ፕሮዲውሰሩ ኦ ኖ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ሠርቷል፤ በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሌ «አዝ ዊ ኤንተር»ን በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ገነቡት። መሞከር የምትፈልጉ ተጠንቀቁ፤ ቺክቺካ 6/8 ስለሆነ በ4/4 የራፕ ከበሮ ላይ እንዳለ ቢጫን ከሁለተኛው ሜዠር (የምት ዙር) ጀምሮ ይንሸራተታል። ከበሮ የሌለበትን የትንፋሽ መሣሪያ ወይም የቤዝ ክፍል ቁረጡ፣ ስኔሩን ከዚያ በኋላ አስቀምጡ።