ፖቶማክን ተከትሎ ለመሮጥ፦ ከሃርፐርስ ፌሪ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምትኖሪው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሽ ነው፤ አስፋልቱ ጉልበትሽን እየጎዳው ነው። ወንዝ ያለበት፣ መኪና የማይገባበት፣ ታሪክ ያለው የገጠር መንገድ ፈለግሽ። አባትሽም ከአገር ቤት መጥተዋል። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። አንቺ ስትሮጪ እሳቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠው እንዲጠብቁሽ አትፈልጊም።

ብዙ ሰው «ግሬት ፎልስ ሂጂ» ብሎሻል። ቦታው ያምራል፣ ልክ ናቸው። ግን ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ ካረፈድሽ የመኪና ማቆሚያው ይሞላል፤ መንገዱም በብስክሌትና በሕፃናት ጋሪ ይጣበባል። እኔ በፖቶማክ ወንዝ ሸለቆ ስድስት ዓመት ሮጫለሁ። ላንቺና ለአባትሽ የምመርጠው አንድ ቦታ ነው፦ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለች አሮጌ ከተማ። ከአንቺ ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው።

መጀመሪያ የምትሮጪበት መንገድ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለአባትሽም ትነግሪያቸዋለሽ። መንገዱ የበቅሎ መንገድ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ካለው ጆርጅታውን እስከ ሜሪላንዷ ከምበርላንድ ድረስ ከፖቶማክ ወንዝ ጎን ለጎን የተቆፈረ ቦይ አለ። ርዝመቱ 184.5 ማይል፣ ማለትም 297 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁፋሮው የተጀመረው በፈረንጆች ጁላይ 4 ቀን 1828 ነው። ጀልባዎቹ ከሰል ጭነው በቦዩ ውስጥ ሲሄዱ፣ በቅሎዎች ዳር ዳሩን እየተራመዱ በገመድ ይጎትቷቸው ነበር። ብዙ ጊዜ በቅሎዎቹን የሚነዱት የጀልባው ባለቤት ልጆች ነበሩ። የዛሬው የሯጮች መንገድ ያኔ እነሱ የረገጡት ነው።

አባትሽ ይሄኛውን ይወዱታል ብዬ አስባለሁ፦ በዚያው በጁላይ 4 ቀን፣ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ባልቲሞር ላይ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ሁለቱም መድረስ የፈለጉት ወደ ምዕራብ ነው። ፖይንት ኦፍ ሮክስ የሚባለው ቦታ ላይ ተራራውና ወንዙ ተጠጋግተው መሬቱ ይጠባል። ማን ይለፍ በሚለው ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰሱ። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ገባ። ቦዩ የደረሰው በ1850 ነው፣ ስምንት ዓመት ዘግይቶ። በ1924 ጎርፍ መታውና ሥራው በዚያው ቆመ። አሁን ስትሮጪ በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል ውሃው የደረቀ ቦይ፣ ከቦዩ ባሻገር ደግሞ ዛሬም የሚሠራው ሐዲድ አለ። የጭነት ባቡር ሲያልፍ መሬቱ ከእግርሽ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማሻል።

ይህ መንገድ ለጥቂት ነው የተረፈው። በ1950ዎቹ የመኪና መንገድ ይሠራበት የሚል ሐሳብ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊሊያም ዳግላስ ሐሳቡን የደገፉትን የዋሽንግተን ፖስት አዘጋጆች «ኑ፣ አብረን በእግር እንየው» አሏቸው። በማርች 1954 ዳግላስ ከከምበርላንድ ተነስተው ዋሽንግተን ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ቦዩ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። አስፋልት ሸሽተን የምንሮጥበት ቦታ አስፋልት ሊሆን ምን ቀርቶት ነበር!

አሁን ወደ ሩጫው። መኪናሽን የሃርፐርስ ፌሪ ፓርክ ጎብኚዎች ማዕከል አቁሚ። መግቢያ ይከፈላል፤ ከዚያ የፓርኩ አውቶቡስ ታች ወደ አሮጌው ከተማ ይወስዳችኋል። ታች መኪና ማቆሚያ ለማግኘት አትድከሚ። አባትሽን ከተማው ውስጥ ትተሽ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ጎን ባለው የእግረኞች ድልድይ ፖቶማክን ተሻገሪ። በጠመዝማዛው የብረት ደረጃ ወርደሽ በስተቀኝ ታጠፊ። ወንዙ በቀኝሽ ይሆናል። እንደዚያው ወደ ብራንዝዊክ ሩጪ።

ከድልድዩ እስከ ብራንዝዊክ 9 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ደርሶ መልስ 18 ተኩል ገደማ ነው። 21 መሙላት ከፈለግሽ ብራንዝዊክን አልፈሽ ትንሽ ግፊ። በየማይሉ ቁጥር የተጻፈበት አጭር ምልክት አለ፤ ቁጥሩ የሚቆጠረው ከጆርጅታውን ነው። ድልድዩ አጠገብ 60 አካባቢ ነሽ፤ ብራንዝዊክ 55 ነው። ሰዓትሽ ቢጠፋ እንኳ ምን ያህል እንደሮጥሽ በእነዚህ ማወቅ ትችያለሽ።

በመንገድሽ አራት ሎኮች ታገኛለሽ። ሎክ ማለት ጀልባውን ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያነሳና የሚያወርድ፣ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ የውሃ ክፍል ነው። በጠቅላላው ቦዩ ላይ 74 አሉ። እባክሽ አንዱ ጋ ቁሚ። ጎንበስ ብለሽ የግድግዳውን የላይኛውን ድንጋይ በእጅሽ ዳብሺው። አንዳንዱ ላይ ገመድ እየፋቀ የሠራው ለስላሳ ጎድጓዳ መስመር አለ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ድንጋይ ጠራቢው የተወው የራሱ ምልክት ይታያል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ለወር ያህል በላዩ ከሮጥኩ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። መንገዱ ሜዳ ነው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ያለው የከፍታ ልዩነት በሙሉ 605 ጫማ፣ ማለትም 184 ሜትር ገደማ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ቀላል ይመስለዋል። አይደለም። ዳገትና ቁልቁለት እግርን ያፈራርቃሉ፤ ሜዳ ግን ያንኑ ጡንቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሠራዋል። ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ ባቴ እንደ ድንጋይ ይጠጥር ነበር። አሁን በየሁለት ማይሉ አንድ ደቂቃ እራመዳለሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች ከፍላጎትሽ በታች ሩጪ፤ ሜዳው ያታልልሻል።

አንቺ ስትሮጪ አባትሽ ምን ያያሉ? ፖቶማክና ሸናንዶዋ የሚገናኙት እዚያው ከተማው ጫፍ ላይ ነው። አጠገቡ አንዲት ትንሽ የጡብ ቤት አለች። የእሳት አደጋ መኪና ቤት ነበረች። በኦክቶበር 1859 ጆን ብራውን 21 ሰዎች ይዞ፣ ባሪያዎችን ነጻ ለማውጣት፣ እዚህ የነበረውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ያዘ። በመጨረሻ የተከበበውና የተያዘው እዚያች ቤት ውስጥ ነው። በዲሴምበር ተሰቀለ። ከተከታዮቹ አምስቱ ጥቁሮች ነበሩ። አንዱ ዴንጀርፊልድ ኒውቢ ሚስቱና ልጆቹ ገና በባርነት ነበሩ፤ ሲገደል በኪሱ የሚስቱ ደብዳቤ ተገኘ።

ይህችን ደግሞ ለአባትሽ አንቺው ንገሪያቸው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1867፣ ላይኛው ከተማ ላይ ነጻ ለወጡት ጥቁሮች ስቶረር ኮሌጅ ተከፈተ። በኦገስት 1906 ጥቁሩ ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስና ጓደኞቹ ለጥቁሮች እኩልነት እዚያ ተሰበሰቡ። አንድ ቀን ማለዳ ጆን ብራውን ወደተያዘባት ወደዚያች የጡብ ቤት ሄዱ፤ ያኔ ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ እርሻ ላይ ነበረች። ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። የተቀደሰ መሬት ነው ብለው በባዶ እግራቸው ዞሯት። ይህን ለእናቴ ስነግራት ከነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ጫማ አውልቆ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጀፈርሰን ሮክ የሚባለው ድንጋይ ከተማው ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያን በላይ ነው። ዕይታው ግሩም ነው፤ ግን ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። የአባትሽን ጉልበት እይና ወስኚ።

ርቀት ስትጨምሪ፣ ከድልድዩ በተቃራኒው፣ ወደ ላይ፣ አንቲተም ወንዝ ድረስ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1862፣ የአንቲተም ውጊያ የተካሄደው እዚያ አካባቢ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ሊንከን የባሪያ ነጻነት አዋጁን የመጀመሪያ ረቂቅ ይፋ አደረገ። ውጊያው ቦታ ራሱ ከቦዩ ይርቃል፣ በመኪና ይሻላል።

ሁለተኛው የምወደው ከሞኖካሲ የውሃ ድልድይ እስከ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ነው። ድልድዩ ሰባት ቅስት አለው፤ በ1833 ተጠናቀቀ። ቦዩ ራሱ ሌላ ወንዝ የሚሻገርበት ነው። በ1862 የደቡብ ወታደሮች ሊያፈርሱት ሞክረው ድንጋዩ እምቢ አላቸው። ደርሶ መልስ 19 ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ ነው የተቀጣሁት። ማርች ወር ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ ብቻ ይዤ ወጣሁ፤ በየድንኳን ማረፊያው የእጅ ፓምፕ እንዳለ አውቃለሁ። ደረስኩ። ፓምፑ አለ፣ እጀታው የለም። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ይነቀላል። ስመለስ እግሬ ተሳሰረ። ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ሽማግሌ የራሱን ውሃ ሰጥቶኝ ነው መኪናዬ የደረስኩት። በብርዱ ወራት ውሃሽን በሙሉ ከቤት ያዢ። እኔ ከዚያ ወዲህ በሶ በጥብጬም እይዛለሁ።

ከኤፕሪል ጀምሮ መዥገር አለ። ከሩጫ በኋላ ከጉልበትሽ ጀርባና ከካልሲሽ መስመር ሥር ፈትሺ። ሣር ውስጥ አትግቢ። ሦስት ቅጠል ያለውን ሐረግ አትንኪ። ወንዙ ውስጥ እግርሽን እንኳ አትንከሪ፤ ላዩ ጸጥ ያለ ነው፣ ውስጡ ይወስዳል። ከባድ ዝናብ ከነበረ ከመውጣትሽ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ እይ፤ መንገዱ በጎርፍ ይዘጋል። በባቡር እሄዳለሁ ካልሽ፣ ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ ባቡር በዚህ መስመር የሚሠራው ለሥራ ተመላላሾች ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የለም።

በኦክቶበር መጨረሻ ከቻልሽ ሂጂ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ወንዙ ከዛፎቹ መሐል ይገለጣል። ለአባትሽ ግን ወፍራም ጃኬት ያዢላቸው፤ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ላይ ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ይበርዳል። የመጨረሻው አውቶቡስ የሚወጣበትን ሰዓትም ስትወርጂ ሹፌሩን ጠይቂ።