ሰውነቴን ብቀበለው ጤናዬን ችላ ማለት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ክብደቴ ጨምሯል። ዘመድ ባገኘኝ ቁጥር «ምነው እንዲህ ወፈርሽ?» ስለሚለኝ ሠርግ ቤት መሄድ ትቻለሁ። ጓደኛዬ በሰጠችኝ የማቅጠኛ ሻይ ሆዴ ሲቀል ደስ ብሎኝ ነበር፤ እህቴ ግን «ሰውነትሽን ተቀበይው» ትለኛለች። ብቀበለው ችላ ማለት አይሆንብኝም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከእህትዎ ጋር እንስማማለን። በሰውነቱ የሚያፍር ሰው ከቤት መውጣት ይከብደዋል፤ «ሚዛን ላይ ውጣ» እንዳይባል ሲል የደም ግፊቱን ለመለካት እንኳ ጤና ጣቢያ መሄዱን ያዘገያል። እርስዎም ሠርግ በመተውዎ ከወዳጅ ዘመድ በተጨማሪ እስክስታውን አጥተዋል፤ የጎንደር እስክስታ ደግሞ ትከሻን ብቻ ሳይሆን ልብንና ሳንባንም የሚያሠራ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ የጠበበዎትን ቀሚስ እስክከሳ ብለው ከማስቀመጥ ይልቅ፣ ከጎኑ ፈትቶ እንዲያሰፋልዎ ለልብስ ሰፊ ይስጡትና ለብሰውት ይሂዱ። በእኛ አገር «ወፈርሽ» የሚባለው አንዳንዴ «ተመቸሽ» ለማለት ቢሆንም፣ ቃሉ የሚጎዳዎት ከሆነ አክስትዎን «እትዬ፣ ደህና ነኝ፤ የሰውነቴን ነገር ባናነሳው ደስ ይለኛል» ቢሏቸው ነውር የለውም።

ሻይውን ግን እባክዎ ያቁሙ፤ በተለይ የሚያጠቡ ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት። ብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻዮች የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የምግቡ ኃይል አብዛኛው በትንሹ አንጀት ከተመጠጠ በኋላ በትልቁ አንጀት ላይ ስለሚሠሩ፣ ሚዛኑ የሚቀንሰው ውኃ በመውጣቱ እንጂ ስብ በመቅለጡ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህም በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ፣ ማውራት እያስቻለ መዝፈን በማያስችል ፍጥነት እንደ መራመድ ነው። ወደ ከተማ ሲወጡ የቁስቋምን ዳገት በእግር ቢወጡት ጥሩ ሥራ ነው። ከምግብ በኩል እንጀራዎን፣ ምስሩንና ጎመኑን የሚያስተውዎት ምክንያት የለም። ወጡ ውስጥ የሚገባውን ዘይት ግን ይለኩት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። ቡናም ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር እየተጨመረ ከተጠጣ፣ ድርጅቱ ቢቻል ለቀን አይለፍ የሚለው 25 ግራም ገደማ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ያልቃል።

ክብደትን በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ በማካፈል የሚገኘው ቁጥር ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት ይባላል፤ ሆኖም ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የወገብ ዙሪያዎን፣ የደም ግፊትዎንና የደም ስኳርዎን ያስለኩ። ከወሊድ ወዲህ ያለ ምክንያት የሚደክምዎት፣ ብርድ የሚበረታብዎትና ፀጉርዎ የሚረግፍ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ለሐኪሙ ነግረው የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ይጠይቁ፤ ዕጢው ሥራው ሲቀንስ ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ ሕክምናም አለው።