የሚያዛችሁ ሌላ፣ ደንበኛችሁ ሌላ

ውድ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች፣

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ባለሙያ ቢሮዬ መጥቶ «ጋሼ፣ እርስዎ ያሉበት ቦታ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔም በሱ ዕድሜ የማስበው ስለ ወንበሩ ነበር። ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም። መልሱን እዚህ ልሞክረው።

ጠበቃ ሲባል ብዙዎቻችሁ አንደበተ ርቱዕ ሰው ይታያችኋል። ማህተማ ጋንዲን ግን አስቡት። ለንደን ሕግ ተምሮ አገሩ ሲመለስ፣ ቦምቤይ ውስጥ በያዘው የመጀመሪያ ጉዳይ ምስክር ለመጠየቅ ተነስቶ አፉ ተሳሰረ። ገንዘቡ ይመለስ፣ ሌላ ጠበቃ ያዙ ብሎ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1893 ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እዚያ የጠበቀው የሁለት ነጋዴዎች ክርክር ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ሒሳብ። እሱ ደግሞ የሒሳብ አያያዝ አያውቅም። መጽሐፍ ገዝቶ ተማረ፣ መዝገቡ ውስጥ ገባ። በመጨረሻም ሁለቱን ወገኖች በግልግል እንዲጨርሱ አሳመናቸው። እኔም ካየኋቸው ትልልቅ ጠበቆች አብዛኞቹ ዝምተኞች ናቸው። አባሪውን ሳይቀር ያነባሉ።

ስለ ትዕግሥት ደግሞ አሜሪካዊቷን የሕግ ባለሙያ ሩት ባደር ጊንስበርግን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1959 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አንደኛነትን ተጋርታ ስትመረቅ፣ የሚቀጥራት የጥብቅና ድርጅት አጣች። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት 6 ጉዳዮች ተከራክራ 5ቱን ረታች። አንዱ ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት አባት ጉዳይ ነበር። ልጁን ለማሳደግ፣ ለእናቶች የሚሰጠውን ክፍያ ወንድ ስለሆነ ተከልክሏል። ዳኞቹ በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ለወንድ ዳኞች የወንድን በደል አቀረበች፤ ምርጫዋን አያችሁት? የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ስትሆን 60 ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ። ወጣት ሳለሁ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪ ነበርኩ። አለቃዬ ጠርተውኝ «ውሉ ተፈርሟል፤ አንተ ሕጋዊ ነው የሚል አስተያየት ጻፍልን» አሉኝ። ያለ ጨረታ የተፈረመ ውል ነው። አውቀዋለሁ። ጻፍኩት።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኦዲተሮች መጡ። አለቃዬ ተዛውረዋል። ፋይሉ ውስጥ የቀረው የኔ ስም ነው። «ታዝዤ ነው» አልኩ። ኦዲተሯ ከወረቀቱ ቀና ብላ «ትእዛዙ የታለ?» አለችኝ። የታዘዝኩት በቃል ነበር። ከሥራ አልተባረርኩም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ከባድ ጉዳይ የሚሰጠኝ አልነበረም።

የግል ጠበቃ ደንበኛውን ያውቃል፤ የወከለው ሰው ነው። በመንግሥት ቤት ግን የሚያዛችሁ ሌላ፣ ደንበኛችሁ ሌላ ነው። ደንበኛችሁ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ አለቃው ሲቀየርም እዚያው አለ። ከሱ ጀርባ ደግሞ ሕዝቡ። ይህን ለመረዳት ያ ፋይል አስፈለገኝ።

ታዲያ አለቃ ሲያዝ እንዴት እንቢ ይባላል? ደረቅ «አይቻልም» ብዙ አያስኬድም። አለቃችሁ ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጊዜ የጠበበበት ሰው ነው። «በዚህ መንገድ ሕጉ አይፈቅድም፤ በዚህ ግን ይሄዳል» ብላችሁ ሁለተኛውን መንገድ አዘጋጅታችሁ ግቡ። የቃል ትእዛዝ ሲሰጣችሁም በዚያው ቀን «በተነጋገርነው መሠረት» ብላችሁ አጭር ማስታወሻ ላኩ። ስንቱ ትእዛዝ በዚያች ማስታወሻ ምክንያት ሲቀር አይቻለሁ!

ኃላፊ ስሆን ነገሩ ተገለበጠ። ስብሰባ ላይ እኔ ቀድሜ ከተናገርኩ ሁሉም ይስማማል። ስለዚህ ታናሹን ባለሙያ አስቀድሜ፣ እኔ መጨረሻ ላይ መናገር ጀመርኩ። ይህን ያልወደዱልኝ ባልደረቦች ነበሩ። ይሁና።

ያንን ልጅ በሌላ ቀን ጠራሁትና የዚያን አስተያየት ኮፒ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ «ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ተጽፏል እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው። በጣም ጥሩ አድርጌ ነበር የጻፍኩት።