የቀድሞ ተመራጫችንን የፓርላማ ሥራ በምን እንመዝን?

ወንድሜ፣ የቡሬ አካባቢ የቀድሞ ተመራጫችሁ ስብሰባ ይገኙ እንደነበርና የድጋፍ ይሁን የተቃውሞ ድምፅ እንደሰጡ በምን ይታወቃል ብለህ ጠይቀሃል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ችግሩ ድምፅ በአብዛኛው የሚሰጠው እጅ በማውጣት መሆኑ ነው። የሚነገረን ድምሩ ብቻ ነው። የካቲት 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲጸድቅ 88 አባላት ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ ተባለ። ከጎጃም የሄዱት ከየትኛው ወገን ነበሩ? መራጭ ይህን ማወቅ አለበት ባይ ነኝ፤ እዚህ ላይ ፈጽሞ ዝም ማለት የለብንም። «በሙሉ ድምፅ» የጸደቀ አዋጅ ከሆነ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከነበሩ ደግፈዋል።

«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» መባሉ አያታልልህ። የሚፈለገው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት ብቻ ነው። 547ቱም ወንበር ባለቤት ቢኖረው እንኳ 274 ሰው ከተገኘ ስብሰባው ይካሄዳል።

ቃለ ጉባኤውን ከምክር ቤቱ በጽሑፍ ጠይቅ። የምክር ቤቱ የሥራ ጊዜ በየዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያበቃ ዓመት በዓመት ለይተህ ጠይቅ። እኔ ብሆን ከማዳበሪያ ጉዳይ ነበር የምጀምረው፤ የጎጃም ገበሬ በዘር ወቅት ሲጉላላ እሳቸው ተነሥተው ሚኒስትሩን ጠይቀው ነበር?