ዜግነት የለኝም፤ ዳታ ሴንተር እንዳይሠራ መቃወም እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በምዕራብ ደብሊን ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፤ ዜግነት አመልክቼ እየጠበቅኩ ነው። ሰፈራችን አጠገብ ባለ አጥር ላይ ዳታ ሴንተር (ሌት ተቀን መብራት የሚበሉ ኮምፒውተሮች የታጨቁበት ሕንጻ) ሊሠራ ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። የመብራት ሂሳብ እንደሆነ አናታችን ላይ ወጥቷል። ለሰፈራችን የካውንስል (የአካባቢ ምክር ቤት) ተመራጭ ስነግረው «በዚህ ላይ እኔ ድምፅ አልሰጥም» አለኝ። ታዲያ የሚወስነው ማነው? ተቃውሞ ብጽፍስ የዜግነት ማመልከቻዬን አያበላሽብኝም?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ይጻፉ። የአየርላንድ የፕላን (የግንባታ ፈቃድ) ሕግ አስተያየት የመስጠት መብቱን የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው፤ ዜግነት አይጠይቅም። በዚህ መብት ስለተጠቀሙ የዜግነት ማመልከቻዎ አይነካም። ስምዎና ደብዳቤዎ ግን የካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። የእኛ ሰው «ስሜ ይቅር» ማለት ይወዳል። እዚህ ስምና አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ተቀባይነት የለውም።

ጊዜው አጭር ነው፦ የኩባንያው የግንባታ ማመልከቻ ለካውንስሉ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 5 ሳምንት። ክፍያው 20 ዩሮ ነው። ጎረቤቶች በአንድ ደብዳቤ ብትፈርሙ አንድ ክፍያ ይበቃል። ከዚያ ካውንስሉ «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚል ማረጋገጫ ይልክልዎታል። እቺን ወረቀት እንዳይጥሏት! ውሳኔው ካልተስማማዎት በ4 ሳምንት ውስጥ ይግባኝ ሲሉ አብራ መግባት አለባት። እሷ ከጎደለች ይግባኙ ሳይታይ ይመለሳል። ይግባኙን የሚያየው አን ኮሚሹን ፕላናላ የተባለው የአገሪቱ የፕላን ይግባኝ ሰሚ አካል ነው፤ እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) አን ቦርድ ፕላናላ ይባል የነበረው።

ተመራጩ አልዋሸዎትም። ተመራጮቹ የሚያጸድቁት የአካባቢውን የልማት ፕላን ነው። እያንዳንዱን የግንባታ ማመልከቻ የሚወስነው የካውንስሉ አስተዳደር ነው። ፕላኑ ላይም ቢሆን የመጨረሻው ቃል የእነሱ አይደለም። በ2022 የደቡብ ደብሊን ተመራጮች በፕላናቸው ውስጥ አዲስ ዳታ ሴንተር እንዳይፈቀድ ድምፅ ሰጡ። ከመንግሥት፣ ከፕላን ሚኒስትሩ፣ መመሪያ መጣና ክልከላው ተነሣ። ሕጉ ለሚኒስትሩ ይህን ሥልጣን ይሰጠዋል፤ አልከራከርም። የሕዝብ ድምፅ እንዲህ በአንድ ደብዳቤ ሲሻር ግን ደስ አይለኝም።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። በኦገስት 2024 የዚያው የደቡብ ደብሊን ካውንስል አስተዳደር ጉግል በምዕራብ ደብሊን ግሬንጅ ካስል በሚባለው ቦታ ሊሠራ ያሰበውን ዳታ ሴንተር ከለከለ። ምክንያቱ ሁለት ነበር፦ የኤሌክትሪክ መረቡ በቂ አቅም የለውም፤ ግቢው ውስጥም የሚረባ ታዳሽ ኃይል አልታሰበም። የተመራጮቹ ድምፅ ያልቻለውን የመብራት እጥረት ቻለው። በአገሪቱ ስታቲስቲክስ ቢሮ ቁጥር መሠረት በ2015 ዳታ ሴንተሮች የሚወስዱት ኤሌክትሪክ ከአገሩ ፍጆታ 5 በመቶ ነበር፤ በ2024 ግን 22 በመቶ ደረሰ። የኃይል ተቆጣጣሪው ሲአርዩም በኖቬምበር 2021 መመሪያ አውጥቷል፦ አዲስ ዳታ ሴንተር ከመረቡ ጋር ሲገናኝ ቦታው ኃይል የጠበበበት ነው ወይ፣ የራሱ ማመንጫ አለው ወይ፣ ሲያጥር ፍጆታውን መቀነስ ይችላል ወይ ተብሎ ይመዘን አለ።

ስለዚህ «ሂሳቤ ጨመረ» በሚለው ላይ ብዙ አይድከሙ። የፕላን ባለሙያው ስለ ታሪፍ አይወስንም፤ እሱን ሲአርዩ ለሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ ይጻፉለት። ለካውንስሉ ግን የኩባንያውን ሰነድ ከድረ ገጹ ከፍተው የጫጫታና የኃይል ምዕራፎቹን ይፈልጉ። ስንት የናፍጣ ጄኔሬተር አለ? ለሙከራ የሚነሡት መቼ መቼ ነው? ከቅርቡ ቤት ምን ያህል ይርቃሉ? ኃይሉ ከየት ይመጣል? መልስ ያላገኙለትን፣ ገጹን እየጠቀሱ ይጻፉት። አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት መሄድም ይቻላል፤ ከውሳኔው በኋላ 8 ሳምንት አለ። ያለ ጠበቃ ግን አይሞክሩት።

ስለ ምርጫ ድምፅ ካነሣን፣ በአየርላንድ የአካባቢ ምርጫ ላይ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ይመርጣል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን አያውቁም። ቀጣዩ ምርጫ በ2029 ነው። ምዝገባው በኦንላይን ነው፤ ፒፒኤስ (የመንግሥት አገልግሎት መለያ) ቁጥርዎን ይያዙ።