በአራት መስመር ያለፍኳቸው ሰዎች

ልጆች፣ የቴክኖሎጂ ዜና እየጻፍኩ ሸበትኩ። «ጥሩ አስተያየት እንዴት ይጻፋል?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ሁሌ አድበስብሼ ነው የማልፈው። ሰው ምክር መስጠት ሲጀምር ማርጀቱን አመነ ማለት ነዋ! ዛሬ ግን የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። የሚጠቅማችሁን ከዚያ ውስጥ ልቀሙ።

ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድ የተባለውን የጌም ኩባንያ በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ነው የተባለው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ነበር። በጌም ንግድ እንዲህ ያለ ግዢ ታይቶ አይታወቅም። እኔም ቁጥሩን ርዕስ ላይ ሰቅዬ ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። ማን ያተርፋል፣ ማን ይከስራል፣ የትኛው ጌም ወደየትኛው ኮንሶል ይሄዳል፤ ያልተነተንኩት አልነበረም። ግዢው በጥቅምት 2023 አለቀ። በሦስት ወሩ፣ በጥር 2024፣ ኩባንያው ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። ለእነሱ ስንት መስመር ሰጠሁ? አራት።

በማግስቱ ከሌላ ኩባንያ የተቀነሰ አንድ የጌም ሞካሪ መልእክት ላከልኝ። ስድብ የለበትም። ሥራው ምን እንደነበር ብቻ ነው የጻፈው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ከርሟል፤ ገጸ ባሕሪው አንዳንዴ በሩ ውስጥ ተሰንቅሮ እየቀረ ስላስቸገረ። በሩ ተስተካከለ፣ እሱ ወጣ። ያንን ጌም ተጫውቼዋለሁ። በዚያ በር ስንቴ እንደገባሁ እንጃ።

ከዚያ ወዲህ ቢሊዮን የሚል ዜና ሳይ ያ በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ የነበረው ሰው የት ጋ ነው እላለሁ። ብዙ ጊዜ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው የማገኘው፤ ከተጻፈለት።

በታኅሣሥ 2022 ደግሞ የፎርትናይት ጌም ሠሪው ኤፒክ ጌምስ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቶ 520 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ነው ተባለ። ሁሉም ቁጥሩን ሼር አደረገ። እኔ የምወደው ግን ክሱን ነው፣ አንብቡት። የፎርትናይት ተጫዋች ያንቀላፋውን ጌም ለማንቃት ቁልፍ ሲጫን፣ ወይም አንድ ዕቃ ለማየት ብቻ ብሎ አጠገቡ ያለውን ሲነካ፣ ሳያስበው ይገዛ ነበር ይላል። ያልፈቀድኩት ክፍያ ተቆረጠብኝ ብሎ ለካርድ ድርጅቱ ያመለከተ ደግሞ አካውንቱ ይዘጋበታል። ከዚያ በፊት በገንዘቡ የገዛው ሁሉ አብሮ ይቆለፍበታል። ከገንዘቡ 275 ሚሊዮኑ የልጆችን ግላዊነት የሚጠብቀውን ሕግ በመጣስ የተጣለ ቅጣት ነው። ሰብዓዊ መብት ሲባል ሁላችንም የሚታየን እስር ቤት ነው። አንዳንዴ ግን አውራ ጣት ሥር ያለች ቁልፍ ናት። መጫወት ራሱ እኮ እ.ኤ.አ. በ1989 በጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ላይ የሰፈረ መብት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የምትወዱት ጌም ሲነካ ነው። የማትጫወቱትን ጌም ኩባንያ መስደብማ ማን ያቅተዋል? እኔን የፈተነኝ ኸርትስቶን የተባለው የብሊዛርድ የካርታ ጌም ነው። በጥቅምት 2019 ብሊትዝቹንግ በሚል ስም የሚታወቅ የሆንግ ኮንግ ተጫዋች ከውድድር በኋላ በቀጥታ ስርጭት ለቃለ መጠይቅ ቀረበ። ያኔ በከተማዋ መንግሥትን ሲቃወሙ የነበሩት ሰልፈኞች የሚያጠልቁትን ዓይነት ጭምብልና መነጽር አድርጎ ነበር። «ሆንግ ኮንግን ነጻ አውጡ» የሚለውን መፈክራቸውን አሰማ። ሁለቱ ኮሜንታተሮች አንገታቸውን ጠረጴዛ ሥር ቀበሩ። ብሊዛርድ ተጫዋቹን ለአንድ ዓመት አገደው፣ ሽልማቱን ነጠቀው፣ ኮሜንታተሮቹንም አሰናበተ።

በኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ሐውልቱ ሥር፣ «የሁሉም ድምፅ ዋጋ አለው» የሚል ጽሑፍ አለ። ሠራተኞች ወረቀት ለጥፈው ሸፈኑት። ያኔ ከተጻፈው አስተያየት ሁሉ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ ያቺ ወረቀት ትበልጥብኛለች።

ጩኸቱ ሲበዛ እገዳው ወደ ስድስት ወር ወረደ፣ ሽልማቱም ተመለሰ። በኅዳር የኩባንያው ፕሬዚዳንት መድረክ ላይ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። እገዳው ግን አልተነሳም። በመጀመሪያው ቀን ተቆጥታችሁ የጻፋችሁትን በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳችሁ እዩት። ኩባንያው ያስተካከለውን አስተካከለ በሉ፣ ያላስተካከለውንም አትተዉ። ቲፎዞ ሁለቱንም አይችልም፤ ወይ ሁሉን ይምራል፣ ወይ ምንም አይምርም።

እኔ ግን ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ቀን ቁጣዬን ጻፍኩ። ሲመሽ ያንኑ ጌም ከፍቼ ቁጭ አልኩ፤ እጄ ለምዶ ነው። ሁለት ዙር አሸነፍኩ። ሦስተኛው ላይ ደበረኝና የውድድሩን ደንብ ፈልጌ አነበብኩ። ተጫዋቹ የተቀጣበት አንቀጽ እዚያው አለ። ተጫዋቹ የሕዝቡን ከፊል አስቀይሟል ወይም የብሊዛርድን ስም ጎድቷል ብሎ ኩባንያው በራሱ ብቻ ፍርድ ከወሰነ፣ ተጫዋቹ ከውድድሩ ይወጣል፤ የሽልማት ገንዘቡም ወደ 0 ዶላር ይወርዳል። ከዚያ የራሴን ውል ከፈትኩ፣ እኛ ተራ ተጫዋቾች የምንፈርመውን። ወደ ታች ብገፋው ብገፋው አያልቅም። «እስማማለሁ» የምትለዋን ከዓመታት በፊት ተጭኛታለሁ፤ የትኛው ሌሊት እንደነበር እንኳ ትዝ አይለኝም።